ስለ አውሮፕላኑ የተከራከርኩባቸው ሳምንታት

መካነ ሰላም ላይ ቆሞ ባሕር የሚያይ ሰው የለም። በአንድ በኩል የዓባይ በረሃ ነው፣ በሌላው በኩል እስከ ደሴ ድረስ ደጋና ገደል። እንኳን መርከብ፣ ታንኳ ሳያይ የሚሞት ሰው የሞላበት አገር ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ግን እዚሁ፣ እኛ ቤት ውስጥ፣ ከባሕር ተነስቶ የብስ ለሚረግጥ እግረኛ ወታደር የሚያዋጣው ከኋላው ያለ የመርከብ መድፍ ነው ወይስ ከበላዩ ያለ አውሮፕላን እያሉ አረጁ። አንደኛው አባቴ ነው። ሁለተኛው ሼሁ ነበሩ።

አባቴ በወጣትነቱ መርከብ ላይ መድፈኛ ነበር። የያኔው ሠራዊት ሲበተን ጆሮውን እዚያው ባሕሩ ላይ ትቶት መጣ፤ ቀኙ ጨርሶ አይሰማም፣ ግራው ተጠግተው ከጮኹለት ይሰማል። ስልክ ግን በየትኛውም ጆሮው አይሆንለትም። ሼሁ በዚያው ዘመን ከአውሮፕላን ክንፍ ሥር ቦምብ ከሚያስሩት መካከል ነበሩ። የቤተሰባቸው ሥራ ቁርኣን ማስቀራት ነው፤ አባታቸውም አያታቸውም አቀስታ ላይ ልጆች ሲያስቀሩ ኖረዋል፣ እሳቸውም ከጦር ሰፈር ሲመለሱ የተቀመጡት በዚያው ምንጣፍ ላይ ነው። ጠዋት ያስቀራሉ፣ በተረፈው ጊዜ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ይነግዳሉ። የአቀስታን ብርድ የሚያውቅ ሰው ባና ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

የተዋወቁትም በባና ነው። አባቴ ገበያ ወጥቶ ባና ሲያገላብጥ ጥቅሉ የታሰረበትን ገመድ አየና «ይህን ቋጠሮ የት ተማርከው?» አላቸው። ሼሁም «ቦምብ ስንጭን» አሉት። በዚያች መልስ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ለገበያ በመጡ ቁጥር እኛ ቤት ሳይገቡ አቀስታ አይመለሱም ነበር።

ልጅ ሆኜ የማስታውሰው ይህን ነው። ያልተሸጠ አንድ ባና ወለሉ ላይ ይዘረጋል። እጥፋቱ ተራራ ነው፣ ጠርዙ የባሕር ዳርቻ፣ የወለሉ ሲሚንቶ ባሕር። አባቴ ከመደቡ ላይ ሆኖ እፍኝ ቆሎ ይወረውርበታል።

«አየህ፣ አንዷ ፍሬ ዒላማዋን ትስታለች፤ እፍኙ ግን ማንንም ቀና አያስብልም» ይላል።

ሼሁ ተንበርክከው ከእጥፋቱ ጀርባ የወደቀ ቆሎ ካለ ይፈልጋሉ። «ከጀርባው አንዲትም የለች። ጠላትህ እዚያ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ነው።» ከዚያ አንዲት ፍሬ በሁለት ጣታቸው ይዘው ከላይ ያመጡና ከተራራው ጀርባ ቀስ አድርገው ያስቀምጧታል። «አውሮፕላን ማለት ይህ ነው።»

«በእጅህማ ማን ያቅተዋል!»

ቆሎውን የምለቅመው እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ የጦርነቱ ተጎጂ እኔ ነኝ እል ነበር። እናቴ ጓዳ ሆና ትሰማቸውና አንዳንዴ ብቅ ብላ «ሁለታችሁም አሸዋውን አልረገጣችሁትም። የረገጡት ልጆች ናቸው የሚያውቁት» ትላቸዋለች። እውነቷን ነው። አባቴ ከሩቅ መርከቡ ላይ ነው፣ ሼሁ ከዚያም ርቀው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ። ይህን ስትናገር አንዱ ስለ ገብስ ዋጋ ይጠይቃል።

እኔ ያንን ባሕር ያየሁት ከማዶው ነው። አባቴ በመርከብ የዞረውን ውኃ እኔ ዓረብ አገር የሰው ቤት መስኮት እየወለወልኩ አየሁት። ስሄድ የመጀመሪያዎቹን ዓረብኛ ቃላት ያስጠኑኝ ሼሁ ናቸው፤ «ደክሞኛል» የሚለውን ከሁሉም አስቀድመው ነበር ያስተማሩኝ። ስመለስ ደግሞ ምን ይዘሽ መጣሽ ብለው ያላዩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ሻንጣዬን ሲመዝን እሳቸው «አፊያሽን ይዘሽ መጥተሻል፣ አልሃምዱሊላህ» ብለው አለፉ። አሁን መናኸሪያው አጠገብ የስልክ ዕቃ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ።

ከዕድሜያቸው ጋር ክርክራቸውም ዘመነ። ሼሁ ከተማሪዎቻቸው ስልክ ላይ የሚያዩትን እያመጡ፣ የዛሬው ቦምብ እንደ ድሮው አይደለም ይሉት ጀመር። ከሰማይ መንገዱ እየተነገረው ነው የሚወርድ፣ መስኮት ምረጥ ቢሉት መስኮት ይመርጣል።

አባቴ «መስኮቱን ማን ነገረው?» ይላል። «የሚነግረው ሰው ጠላት አፍንጫ ሥር ተኝቶ ነው። የእኔ መድፍ መስኮት አይመርጥም። ግን በየትኛውም መስኮት ማንም ብቅ እንዳይል ያደርጋል። ከጀልባ ለሚወርድ ልጅ ያ ይበቃዋል።»

መንገድ ሲበላሽ ወይም ጉልበታቸው ሲያስቸግራቸው ሼሁ ሱቄ ላይ ይደውላሉ። «መርሀባ ልጄ፣ ይህን ለዚያ መድፈኛ ንገሪልኝ» ይሉና የሳምንቱን ክርክር ይሰጡኛል። እኔ ማታ ወደ ቤት ስገባ በአባቴ ግራ ጆሮ ላይ እጮኸዋለሁ። መልሱን ተቀብዬ በማግስቱ እደውላለሁ። የሁለቱም አፍ ሆንኩ። አንዱ ሲሰድብ ሌላው የሚያኮርፈው እኔን ነው።

አባቴን ደም ግፊት የጣለው በዚህ መሃል ነው። ደሴ ተኝቶ ታክሞ ተመለሰ፤ ግራ እጁ ደከመ፣ አንደበቱ ግን ዳነለት። ሐኪሙ የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይሰማ አለን። ከድንጋጤው ይልቅ እኛን ያስፈራን ዝምታው ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። ምግብ ሲቀርብለት «በኋላ» ይላል፣ በኋላው አይመጣም። ቀና የሚለው አንድ ነገር ሲሰማ ብቻ ነው፤ «ሼሁ እንዲህ አሉ» ስለው። ያኔ በደህና እጁ ተደግፎ ይነሳል፣ «ደግሞ ምን አለ?» ይላል፣ እየተከራከረም ይበላል። እናቴ ይህን ካየች ወዲህ ያለ ክርክር ሳህን አታቀርብለትም። «የዛሬውን ይዘሻል?» ትለኛለች ገና ከበር ሳልገባ፣ መድኃኒት የምትጠይቅ ነው የምትመስለው።

ሼሁ የሞቱት አባቴ እንዲህ እያለ ነው። ሕመማቸውን እንኳ በደንብ ሳንሰማ ሞታቸውን ሰማን። ሱቄ ላይ የደወለልኝ የባለቤታቸው ወንድም ነው። «ኢና ሊላሂ» ብሎ ሲጀምር ገባኝ። ሱቁን ሳልቆልፍ ወደ ቤት ሮጥኩ። እናቴን ከጓሮ አገኘኋትና ነገርኳት። አፏን በነጠላዋ ይዛ ተቀመጠች። «ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ» አለችኝ። ሳልፍ አይቶኝ ኖሮ ከውስጥ የአባቴ ድምፅ መጣ። «ልጅቷ ናት? ምን አለ በያት።»

አገራችን ላይ መርዶ ለታመመ ሰው አይነገርም። ቀኑን ሽማግሌዎች ይቆርጡታል፣ ጎህ ሲቀድ ሰብሰብ ብለው ይመጣሉ፣ እስከዚያ ድረስ ቤተሰቡ ሆዱን በሆዱ ይዞ ይስቃል። ከዚያ በፊት ያወጣ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው የሚባል። ይህን ልማድ ሳውቀው ኖሬያለሁ። ዓረብ አገር ሳለሁ የአያቴን ሞት የሰማሁት ተመልሼ ነው፣ በሩ ላይ። ያኔ ተቆጥቼ ነበር። አሁን ከደባቂዎቹ አንዷ ሆንኩ።

ደሴ ዕቃ ላመጣ ነው ብዬ አቀስታ ለቅሶ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፣ ምክንያቱም ቤት ማልቀስ አይፈቀድልኝም። የሼሁ ባለቤት ሴቶቹ መሃል ተቀምጠው ነበር። ሳቅፋቸው ጆሮዬ ላይ «ያ ወንድሙስ ሰማ?» አሉኝ። አልሰማም አልኳቸው። «አደራ፣ እንዳይሰማ። እሱን ደግሞ አልችልም» አሉ።

ከዚያ ወደ ጓዳ ወሰዱኝና ሁለት ነገር ነገሩኝ። አንደኛው፣ ሼሁ አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ ለሰደደው ነገር መልስ ማግኘታቸውን ነው። አባቴ «አውሮፕላን ምሳው ሲደርስ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ መርከብ ግን ቀኑን ሙሉ ከልጆቹ ጋር ይቆያል» ብሎ ነበር። ሼሁ እራት እየበሉ በድንገት ብቻቸውን ሳቁ አሉ። ምነው ሲሏቸው «መርከብ የሚቆየው ታማኝ ሆኖ ሳይሆን ቀርፋፋ ሆኖ ነው፣ እለዋለሁ» አሉ። ሳይደውሉልኝ ታመሙ። ሁለተኛው ደግሞ ስለ ጭጋግ ነው። «ጭጋግ ሲወርድ ያንገበግበው ነበር» አሉኝ። አንድ ቀን አውሮፕላኖቹ ዳርቻውን ጭጋግ ሸፍኖት፣ ያሰሩላቸውን ቦምብ እንደያዙ ተመልሰው አረፉ። ሼሁ በገዛ እጃቸው ያሰሩትን በገዛ እጃቸው ፈቱት፤ ሲፈቱት ታች ያሉት ልጆች ያለሱ መውረዳቸውን ያስቡ ነበር። ይህን ለባለቤታቸው እንጂ ለሌላ አውርተውት አያውቁም።

ስመለስ ከአቀስታ ገበያ ጥቂት ቻርጀር ገዝቼ ተመለስኩ፣ ደሴ ደርሳ ባዶ እጇን መጣች እንዳይባል። ፊቴን ከቤታችን በላይ ባለው ቧንቧ ታጠብኩ። አባቴ ተኝቶ ነበር፣ ሳህኑ እንደቀረበ ነው። እናቴ አየችኝ።

ጠጋ ብዬ ጎንበስ አልኩና በግራ ጆሮው «ሼሁ ደወሉ» አልኩት። «መርከብ የሚቆየው ታማኝ ሆኖ ሳይሆን ቀርፋፋ ሆኖ ነው አሉ።»

አባቴ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና እናቴ ጀርባውን ደገፈችው። «ይህ ባለጌ! ይህን ሲፈልግ ነው ለካ የጠፋው!» አለ። ተነስቶ በላ። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ፣ እናቴ ተከትላኝ መጣችና አንገቴን አቅፋ ቆመች። ሰውየው ተቀብረው ገና አፈራቸው ሳይደርቅ አባቴን አብልተውት ነበር።

የእሳቸው የሆነው መልስ ያ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ የእኔ ፈጠራ ነው።

ሰው በሌለ ሰዓት ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ የባዕድ አገር መርከቦችና አውሮፕላኖች አያለሁ። ባትሪ ሊገዛ የመጣ ሰው አጎንብሼ ሚሳይል ሲወነጨፍ ስመለከት እያገኘኝ «ኸይር ነው?» ይለኛል። «ለአባቴ ነው» እላለሁ፣ ይባስ ይደነግጣል። ያየሁትን ወደ ሼሁ አነጋገር እለውጠዋለሁ። «ያ ራቢ» እላለሁ የሚሉበት ቦታ ላይ፣ «በሀቅ እንነጋገር» እላለሁ ሊዋሹ ሲሉ የሚሉትን። ቀስ እያልኩ ጎበዝ ሆንኩ። አንዳንዴ ራሴ ያልኩት እሳቸው ያሉት እየመሰለኝ ልደውልላቸው ስልኬን አነሳለሁ። ያኔ ሱቁን ዘግቼ ጥቂት እቆያለሁ።

«ሼሁ ዛሬ ሰው የሌለበት አውሮፕላን አለ አሉ» እለዋለሁ። «ምሳ አይበላም። ከማለዳ እስከ ማታ ከልጆቹ በላይ ይዞራል።»

አባቴ ያስባል። «ስንት ቦምብ ይይዛል?»

«ጥቂት።»

«ጥቂቷን ከጣለ በኋላስ? ከላይ ሆኖ ሲሞቱ ሊያይ ነው? በለው።»

ሌላ ቀን ደግሞ ይህን አመጣሁ። «ዛሬ መርከብ ዳርቻ መጠጋት አይችልም አሉ። ከየብስ የሚተኮስ ሚሳይል አለ፣ ውኃው ውስጥ ፈንጂ አለ። መድፍህ ከሩቅ ሆኖ ምን ሊያደርግ ነው?»

«መርከብ መጠጋት ካልቻለ ጀልባ እንዴት ይጠጋል? መጀመሪያ ልጆቹን አታውርዳቸው በለው። ማውረዱን ከፈለክ ግን ከኋላቸው ቁምላቸው።»

ከውሸት ክርክር መሃል እንዲህ ያለ እውነት ሲወጣ የት እንደምገባ አላውቅም ነበር። ግን ይበላ ነበር። መቀመጥ ጀመረ። በከዘራ እስከ በሩ ደረሰ፣ ፀሐይ ሞቀ። እናቴ በደስታዋ ታለቅስና ለምን እንደምታለቅስ ትረሳዋለች። እኔም ስለ አውሮፕላን ያለኝ ፍቅር እየጨመረ ሄደ። አንዳንድ ቀን አባቴ ሳይመልስልኝ ሲቀር በሆዴ «ረታነው ሼሁ» እላለሁ።

ሽማግሌዎቹ ግን መጡ። አንድ የመስጊድና አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው ከጎረቤቶች ጋር ሆነው ሱቄ ድረስ መጥተው አነጋገሩኝ። ሰውየው አገግሟል፣ ከዚህ በላይ መደበቅ ነውር ነው አሉ። ወንድሙ አፈር ገብቶ እሱ ሲስቅ መክረሙን ሲሰማ ምን ይለናል አሉ። እውነታቸውን ነው። ቀኑ ለሚመጣው ሳምንት ተቆረጠ።

ለአባቴ አንድ ነገር ልስጠው ብዬ አሰብኩ። መርዶው ሳይመጣ አንዴ ያሸንፍ። ዕድሜውን ሙሉ የተከራከረበትን ነገር ሼሁ ይመኑለት፣ ከዚያ በኋላ ሐዘኑን ሲሰማ ቢያንስ ያንን ይዞ ይሰማዋል። መልካም ሐሳብ መሰለኝ። የሼሁ ባለቤት የነገሩኝን ጭጋግ ከዚያ ጋር አጣመርኩት። እውነተኛ ነገር ስላለበት የበለጠ የሚያምር መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር፤ እናቴ ወጥታለች። ከጎኑ ተቀመጥኩ።

«ሼሁ ዛሬ ደውለው ነበር» አልኩት። «በሀቅ እንነጋገር ካልን፣ ጭጋግ ሲወርድ አውሮፕላን አይረባም አሉ። የታሰረለትን ይዞ ይመለሳል። ለሚወርዱት ልጆች መርከቡ ይሻላቸዋል፣ አንተ ልክ ነህ አሉ።»

አባቴ አልሳቀም። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፣ ያልሰማ መሰለኝና ልደግመው ጎንበስ አልኩ። ደህና እጁን አንስቶ አፌ ላይ አደረገው።

«መቼ ነው የሞተው?» አለኝ።

እጁ አፌ ላይ ነው። እንባዬ እጁ ላይ ሲወርድ አነሳው።

«እኔ ጭጋጉን አንስቼበት አላውቅም» አለ። «አንድም ቀን። አውቅ ነበር፣ እዚያ የነበሩ ሁሉ ያውቃሉ። ስንት ጊዜ ልረታው የምችለው በዚያ ነው፣ ግን አላነሳሁበትም። እሱም የእኔን አንስቶብኝ አያውቅም።»

«ያንተው ምንድን ነው አባዬ?»

«ጀልባዎቹ አሸዋው ሲደርሱ መድፉ ዝም ይላል። የራስህን ሰው እንዳትመታ ዝም ማለት አለብህ። እነሱ ሲሮጡ እያየህ እጅህን አጣጥፈህ ትቆማለህ። ያንን አንዴ ቢያነሳብኝ አፌን በዘጋ ነበር። አላነሳብኝም። እሱ በሕይወት እያለ ጭጋጉን በራሱ አፍ አያነሳውም። ለሚስቱ ካልሆነ ለማንም አይነግረውም። አንቺ ከእሷ ነው የሰማሽው።»

«አዎ።»

«ለቅሶ ሄደሽ ነበር።»

«አዎ። ደሴ ያልኩህ ቀን።»

«ቻርጀሮቹ ትንሽ ነበሩ» አለ። ለካ አይቷል።

እግሩ ሥር ቁጭ ብዬ ጉልበቱን አቅፌ ለመንኩት። ይቅር በለኝ አልኩት፣ እንዳትታመምብን ብለን ነው አልኩት። ራሴን እየዳበሰ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» አለኝ፤ የሼሁ ቃል ናት። የፈራሁት ድንጋጤ አልነበረም። በጣም የደከመ ሰው ይመስል ነበር እንጂ።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«አገሩ ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌዎቹ ለሚመጣው ሳምንት ቀን ቆርጠዋል።»

«እንግዲያው እኔ አልሰማሁም» አለ። «ለእናትሽም እንዳትነግሪ። በወጉ ይምጡ፣ በወጉ ይንገሩኝ።»

«ለምን አባዬ? አልቅስለት እንጂ።»

«አንዴ ካለቀስኩለት ሞተ ማለት ነው። እስከዚያ ጥቂት ቀን አለኝ።» ከዚያ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ካመጣሽልኝ ውስጥ የእሱ የትኛው ነው?»

«ቀርፋፋ ያሉት።»

«እሱን አውቄዋለሁ። ሌላው ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ሰው የሌለበት አውሮፕላንም?»

«እሱም።»

«ክፉ አልነበረም» አለ። ይህን ሲለኝ የተሰማኝን ነገር አሁንም መናገር ይከብደኛል። ደስ አለኝ። አባቴ የሞተ ወዳጁን እያሰበ እኔን አመሰገነኝ፣ እኔም በዚያ ሰዓት ደስ አለኝ።

የቀሩትን ቀናት እንደ ድሮው አሳለፍናቸው። ማታ ስገባ እናቴ «ይዘሻል?» ትለኛለች። እኔ እጮኻለሁ፣ እሱ ይመልሳል፣ ይበላል። እሷ እሱ እንደማያውቅ ታምናለች፣ እሱ እሷን ላለማሳዘን ይስቃል። አንዳንዴ ክርክሩ መሃል ዓይናችን ይጋጠማል፣ ያኔ ሁለታችንም ቶሎ ወደ ሳህኑ እናያለን። በሕይወቴ ከአባቴ ጋር ይህን ያህል ተቀራርቤ አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ በተቆረጠው ቀን ጎህ ሲቀድ መጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው በረድፍ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ስለ ጤናው ጠየቁት፣ ስለ ዝናቡ አወሩ። አባቴ መደቡ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ለእያንዳንዳቸው መለሰ። ከዚያ ሰላም አባባላቸው እየቀዘቀዘ ሄደና ከመስጊዱ የመጡት ሽማግሌ የሰው ልጅ እንግዳ መሆኑን አንስተው፣ የአላህን ፈቃድ አንስተው፣ በመጨረሻ የሼሁን ስም ጠሩ።

ያስመስላል ብዬ ነበር። አላስመሰለም። ስሙ ሲጠራ ከሆዱ ያወጣው ድምፅ ሳምንቱን ሙሉ የት አስቀምጦት እንደነበር አላውቅም። «ወንድሜ» አለ፣ «ወንድሜ ወንድሜ»፤ ሁለት ሰው ይዞት አልቻለውም። እናቴ ልቡ ይቆማል ብላ ውኃ ይዛ ቆማለች። እኔ እንደማይሞት አውቅ ነበር፤ ይህን ልቅሶ ራሱ ቀን ሰጥቶ ነው የጠበቀው። አጠገቡ ሄጄ ግራ ጆሮው ላይ ምንም ሳልናገር ጉንጬን አስጠጋሁ።

በሁለተኛው ቀን ሚኒባስ ተይዞ አቀስታ ወሰዱት። ወንዶቹ መሃል ተቀምጦ ዱዓ ሲደረግ መዳፉን ዘርግቶ «አሚን» አለ። የሼሁ ባለቤት ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ሲያለቅሱ የእሱን ድምፅ ለይተው «መጣህለት?» አሉ፤ ሳይሰማ ቀረ፣ እኔ ነገርኩት።

ለቅሶው ተበተነ። ምንጣፎቹ ተጠቀለሉ፣ ጎረቤት ወደ ሥራው ሄደ፣ እኔም ሱቄን ከፈትኩ። የመጀመሪያው የገበያ ቀን ሲመጣ ከቤት ለመውጣት ፈራሁና ቀረሁ። አባቴ እንደ ልማዱ ልብሱን ለብሶ በሩ ትይዩ ተቀመጠ። የአቀስታ ሚኒባስ ጥሩምባ ከመናኸሪያው ተሰማ፤ እሱ አልሰማውም፣ ግን ሰዓቱን ያውቀዋል። እናቴ ምሳውን አቀረበችና እኔን አየችኝ። ይዤ የመጣሁት ነገር አልነበረም። ከእንግዲህ «ሼሁ እንዲህ አሉ» ማለት አይቻልም። ሳህኑ ሲቀዘቅዝ አየሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳው ሊያዞር ነው ብዬ ጠበቅኩ።

አላዞረም። ትንሽ ቆይቶ በከዘራው ወለሉን መታ መታ አደረገና ጠራኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አውሮፕላኑ ካንቺ ሌላ ሰው የለውም እንግዲህ» አለኝ።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። በዚያ ቤት ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ ድምፄን አውጥቼ ለሼሁ የመጀመሪያዬ ነበር። እናቴ ልታባብለኝ ስትመጣ አባቴ በእጁ ከለከላት። እስክጨርስ ጠበቀኝ። እንጀራውን ቆረሰ፣ አጎረሰኝ፣ ለራሱም ጎረሰ፣ ከዚያ ግራ ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ ተቀመጠ።

«እኔ የምለው፣» ብዬ ጮኽኩ።